የእህቴ ልጅ ሆድ

የዱቄት ሽታ ይቀፈኛል። ጂንካ እየኖሩ ከዱቄት ሽታ እሸሻለሁ ማለት ደግሞ ዘበት ነው። ወፍጮ ቤቱ ገበያው ዳር ነው፤ የኔም የስፌት መኪና ያለችው እዚያው ነው። ሞተሩ ተነስቶ ያ ሞቅ ያለ የበቆሎ ብናኝ በበሩ ሲገባ አፌ ምራቅ ይሞላል። ደንበኞቼ «ምነው፣ አማረሽ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። በዚህ ዕድሜዬ! ቀልዱ ከዱቄቱ ይብስብኛል። የሴት ሆድ የሰው መቀለጃ ሲሆን መጨረሻው ምን እንደሆነ በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ።

ነገሩ የእህቴ ልጅ ነገር ነው። እህቴ ባሏ ለሥራ ቆላ ወርዶ ሃና ከተማ ወባ ከገደለው በኋላ አንድ ልጇን ይዛ እኔ ቤት ገባች። እኔ አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አለኝ፤ እዚህ ለመጻፍ ግን አይመችም። ሁለት ክፍል ቤት፣ ጓሮዬ ውስጥ እንሰትና ጎደሬ፣ በእግር የምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና፣ ያለኝ ይኸው ነበር። ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ በነበረበት ጊዜ ነው የማወራችሁ። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ስትናገር ድምጿ የማይሰማ፣ ስትዘምር ግን ጉድ የምታሰኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች መዘምራን ውስጥ መሪ ነበረች። እኔን «እቴቴ» ትለኛለች። ከእናቷ አንድ ነገር ስትፈልግ አማላጅ አድርጋ የምትልከው እኔን ነበር።

የመዘምራኑን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ሰማያዊ ቀሚስ ልሰፋላቸው ልጆቹን ስለካ የእሷ ወገብ ግራ አጋባኝ። ክንዷ ከአምናው ቀጥኗል፤ ሆዷ ግን ተወጥሯል። «ምን በላሽ አንቺ?» አልኳት። «ምንም። አንዳንዴ ያመኛል፣ ከዚያ ይተወኛል» አለችኝ። ለእህቴ ነገርኳት። እሷም ገና ሳታያት «ጣፊያ ነው፤ አባቷን የጨረሰው ወባ ነው» ብላ ፈረደች።

ጣፊያ ከተባለ መድኃኒቱ በኛ አገር የታወቀ ነው። እኔ ክርና ቁልፍ ልገዛ አርባ ምንጭ በሄድኩበት፣ እህቴ ልጅቷን ወይጦ ድረስ ወስዳ ጣፊያ ይተኩሳል ለተባለ ሽማግሌ አስረከበቻት። ስመለስ የልጅቷ ሆድ በግራ በኩል ብረት ባረፈበት ሁሉ ቆስሏል። አንዱ መግል ይዟል፤ የተጠመጠመበት ጨርቅ ሲፈታ ሽታው ቤቱን ሞላው። ኤጭ! እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል። እህቴ ደግሞ እንደ ቁም ነገር «ተኩሶ ሲጨርስ እንትፍ እንትፍ ብሎ አሸላት» አለችኝ። «ምራቁን? የተቃጠለ ገላዋ ላይ?» ብላት «ምርቃት ነው እኮ» አለች። ድንቄም ምርቃት! ቁስሉን በሞቀ ውሃና በጨው ሳጥብላት ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ትንፍሽ አላለችም። ቁስሉ ቀስ ብሎ ደረቀ። ሆዱ ግን እሳቱም አልገባው፣ ቀጥሎ የገዛነው የወስፋት ኪኒንም አልገባው፣ ማደጉን ቀጠለ።

በዚያ በልግ ዝናቡ ለጉድ ነበር። ይባስ ብሎ ገበያው ዳር ያለው ወፍጮ ተሰበረ። ሞተሩ ተፈታቶ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ሄደና ዝናቡ እስኪያባራ ሳይመለስ ቀረ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እህሉን ተሸክሞ፣ ነሪ ወንዝን ተሻግሮ፣ ማዶ ነበር የሚያስፈጨው። ጭቃው ጫማ ይነጥቅ ነበር። የኛን እህል የምትሸከመው እህቴ ነበረች። ባለ ወፍጮውን የማይረግም አልነበረም። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ ራሷ ዱቄቷ ወንዝ ውስጥ ገብቶባት፣ በሰንበት የማይደገም ስድብ ስታወርድበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህቺን ያዙልኝ።

ሰብሳቢዋ ሰው ቤት ስትገባ ማንኳኳት የማታውቅ ትልቅ ሴት ናት። በወጣትነቴ ገጠር ውስጥ አዋላጅ ነበርኩ ትላለች፤ ስንቱን አዋልዳ ስንቱን እንደገደለች እግዜር ይወቅ። ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ እሑድ ከአምልኮ መልስ ሰተት ብላ ገባች። ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኛቻትና ሆዷን ገልጣ ትዳስስ ጀመር። እጇ ቅቤ ነክቶ ይሁን አልቦት እንጃ፣ ያብለጨልጭ ነበር። በዚያ እጇ ሆዷን ወዲያ ገፋችው፣ ወዲህ ገፋችው። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ሲገፉት ይሸሻል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሰብሳቢዋ ዓይኗን ጨፈነችና «ተራገጠ» አለች።

እህቴ መሬት ላይ ዘፍ አለች። እኔ ነገሩ አልዋጥ ብሎኝ «ጤና ጣቢያ እንውሰዳት፤ ሽንቷ ይመርመር» አልኩ። ሰብሳቢዋ ዞራ አፈጠጠችብኝ። «ልታዋርጂን ነው? ጤና ጣቢያ በር ላይ እነማን እንደሚቀመጡ አታውቂም? ይሄ እጅ አይበቃሽም?» ብላ ያንን እጇን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። እህቴም «በሞቴ፣ ገመናዬን አደባባይ አታውጪብኝ» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ገመና አለች! በማግሥቱ ገበያ ውስጥ ጨው ቸርቻሪዎቹ ሳይቀሩ ለልጅቷ ወር ይቆጥሩላት ነበር።

ልጅቷን ያልጠየቃት የለም። «ማነው?» ይሏታል። «ማንም አልነካኝም» ትላለች። በቁጣ ሲጠይቋትም፣ በልመና ሲጠይቋትም መልሷ ያው ነው። «አየሽ፣ ልቧ ደንድኗል» አለች ሰብሳቢዋ። ከትምህርት ቤት ቀረች። ከመዘምራን አስወጧት። ሰማያዊውን ቀሚስ ለመውሰድ የመጣችው ሴት ልብሱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ከራሷ አርቃ ይዛ ወጣች። እኔ የሰፋሁትን፣ እኔ የተኮስኩትን ልብስ! «አንቺ ሴት፣ ምን ነካው ብለሽ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። «አንቺ ደግሞ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» ብላ ሄደች። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ ሁሉንም ታይ ነበር። ያን ዕለት ምሳም እራትም አልበላችም።

እህቴን ብቻዋን ልኮንናት አልችልም። እናታችን የበና ብሔረሰብ ልጅ ናት። ያለ ጋብቻ የተፀነሰ ልጅ ሚንጊ ነው፣ ለወገኑ መዓት ይጠራል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እንዲህ ያለ ልጅ ምን እንደሚደረግ እናታችን በሹክሹክታ ነበር የምትነግረን። ከተሜ ሆንን፣ ጌታን ተቀበልን፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀንም። እህቴ ሌሊት እየተነሳች የልጇን ሆድ ታያለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። የልጅ አባት የሚሆን ሰው እንዲሰጣት ነበር የምትጸልየው።

ተሰጣት።

ባለ ወፍጮው ሚስቱ ሞታበት ሁለት ልጆች ይዞ የቀረ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስተናጋጅ ነው፤ መባ መሰብሰቢያውን የሚያዞረው እሱ ነው። ወፍጮው ሲሠራም ሲቆምም ቅንድቡ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ሚስት ፍለጋ ስንት ቤት ሽማግሌ ልኮ መልሰውታል። እኔም ዘንድ አንዴ ልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ከቤቴ እንዴት እንደወጡ እነሱው ይንገሯችሁ። አንድ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ይኸው ሰው ተነስቶ ማይኩን ያዘ። አለቀሰ። ንፍጡን በእጅጌው ጠረገ። «ወገኖቼ፣ ሥጋ ደካማ ነው» አለ። «ያቺ ልጅ የተሸከመችው የኔን ነው። በዚያ በበልጉ ዝናብ እህል ልታስፈጭ ስትመጣ ሰይጣን አሳተኝ። አልክድም፤ አገባታለሁ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ስሙኝ ብያለሁ፣ እልልታ ነው ያልኩት! ጡቷ ገና ያላጎጠጎጠ ልጅ ነካሁ ያለ ሰው ለፖሊስ በመሰጠት ፈንታ ሃሌሉያ ተባለለት። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው፤ ሌላው ቢሆን ክዶ ይጠፋ ነበር» ይባባላሉ። እናቶች ተራ በተራ እየሄዱ ግንባሩን ሳሙት። ሲመለሱ ከንፈራቸው ላይ ዱቄት ነበር። እኔ ወጥቼ አጥሩ ሥር አስታወክሁ።

«ሰው እንዴት በገዛ ራሱ ላይ ይዋሻል?» የሚሉኝ ዛሬም አሉ። ለምን አይዋሽም? ለልጆቹ አሳዳጊ፣ ለራሱ ሚስት፣ ያለ ጥሎሽ፣ ያለ ከብት፣ ያውም እየተመሰገነ። ማንም የማይጠይቃት የወደቀች ዕቃ መስላው ነበር። ለሱ የታየው ሆዷ ውስጥ ያለው የማን እንደሆነ ሳይሆን፣ ባለቤት ነኝ የሚል አለመኖሩ ነበር።

የእህቴ ፊት በራ። ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት ተቆረጠ። ከገበያ ነጭ ጨርቅ ገዝታ መጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ሆዷ ላይ ሰፋ አድርገሽ ስፊላት» አለችኝ። ጨርቁን አጣጥፌ ከመኪናዋ ሥር ወረወርኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ክር ትጠቀልልልኛለች። «እቴቴ» አለችኝ ሳታየኝ፣ «ወፍጮው ተሰብሮ ነበር እኮ።»

«የቱ ወፍጮ?»

«የሱ። በልጉን በሙሉ። እማዬ ነሪን ተሻግራ አልነበር የምታስፈጨው? እኔ ደግሞ መች እህል ተሸክሜ አውቃለሁ፣ ሆዴን እያመመኝ?»

እግሬ መርገጫው ላይ ደርቆ ቀረ። ያ ሁሉ ሰው! በጭቃ የተንቦራጨቀው፣ ሰውየውን ከነሞተሩ የረገመው ያ ሁሉ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኔም ነበርኩ። ለቅሶው ጣፈጣቸውና ትናንት በትከሻቸው የተሸከሙትን ረሱት። ከዚያ የበለጠ የሚያቅለሸልሸኝ ነገር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

መርፌውን እንደተሰካ ትቼ ወደ ቤት በረርኩ። እህቴ ጎደሬ ስትልጥ አገኘኋት። ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። ብዙም አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እህሉን በጀርባዬ የተሸከምኩት እኔ አይደለሁ? እዚያው አዳራሽ ውስጥ ትዝ ብሎኛል። ግን ሰው ተገኘ እኮ! ልጄ አባት የሌለው ልጅ ታቅፋ ከምትቀር ውሸታም ባል ይሻላታል። በእናታችን አጥንት፣ ዝም በይልኝ።»

«እርም ይሁንብኝ፣ ያንን ቀሚስ አልሰፋም» አልኳት። ያን ሳምንት አንድ ቤት ውስጥ ሆነን አልተነጋገርንም።

የቅዳሜው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ፣ ሰብሳቢዋና ባለ ወፍጮው ለመጨረሻው ቃል እቤት ተሰበሰቡ። ጸሎት ተደርጎ ሳያልቅ ከውስጠኛው ክፍል ጩኸት ሰማን። ያቺ ቁስሏ ሲታጠብ ትንፍሽ ያላለች ልጅ ናት የምትጮኸው። ስገባ መሬት ላይ ተጠቅልላ አረንጓዴ ውሃ ታስታውካለች፤ ሆዷ ተነፍቶ ለመንካት እንኳ ያስፈራል። ሰብሳቢዋ ከኋላዬ እጅጌዋን እየሰበሰበች ደረሰች። «ምጥ ነው፣ ያለ ጊዜው መጥቷል፤ ውሃ አፍሉ» አለች።

«የምን ውሃ! ሆስፒታል!» ብዬ ልጅቷን አዘልኳት።

ባለ ወፍጮው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «እዚያ ከሄደች ልጄን ይገድሉብኛል» አለኝ። ልጄን! ላቡ በዱቄቱ መሃል እየወረደ ግንባሩ ላይ ሊጥ ሆኗል። መቀሴ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በአንድ እጄ ልጅቷን ደግፌ በሌላው መቀሱን ያዝኩና «ከበሩ ዞር በል፤ በቀሚሱ ያላሟሸሁትን መቀስ ባንተ እንዳላሟሸው!» አልኩት። ዞር አለ። ከነዚያ ሁሉ ወንዶች አንድ እንኳ ላግዝሽ ያለኝ የለም። ከተማው መሃል ባለው አውሮፕላን ሜዳ አቋርጬ፣ እዚያ የሚግጡትን ፍየሎች እየበተንኩ ሮጥኩ። እህቴ የልጇን እግር ከኋላዬ ደግፋ ታለቅስ ነበር፤ ሌሎቹም ወሬ እንዳያመልጣቸው ተከተሉን።

ሐኪሙ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበር። ሆዷን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው የብረቱን ጠባሳ ነው። ቀና ብሎ አየን። ሰው የሚያስጠላ ነገር ሲያይ እንደሚያደርገው ነበር ያየን፤ ተናደድኩ። ሽንቷን አስመረመረ። ከዚያ ያንን የሚያዳልጥ ቅባት ቀብቶ በአልትራሳውንድ ሆዷን ያስስ ጀመር። ሰብሳቢዋ አንገቷን በትከሻው ላይ አሾልካ «ልጁስ? የታል ልጁ?» አለችው።

«የምን ልጅ?» አለ። «እዚህ ልጅ የለም። ሽንቷም እርግዝና አያሳይም። የራሷ ማህፀን ገና የልጅ ማህፀን ነው።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። «እናት፣ ሞራ ያውቃሉ? የፍየል አንጀት የሚሸፍነውን ስብ?»

ሞራ እናውቃለን ወይ! እዚህ አገር ፍየል አርዶ፣ ሞራና አንጀት ዘርግቶ ዝናቡንና ጠቡን የማያነብ ሽማግሌ የለም። የገዛ ልጃችንን ሆድ ማንበብ ነው ያቃተን።

«የእሷ ሞራ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተንጠልጥሏል» አለ ሐኪሙ። «ስትወለድም በጣም ትንሽ ሆኖ አብሯት ሊሆን ይችላል። ብዙ የሚታይ በሽታ አይደለም፤ ግን ልጆች ላይ ያጋጥማል። ክፉ ዕጢ አይመስልም፤ ጨርሶ ከወጣ ትድናለች። አሁን ግን ተጠማዝዟል፤ የምትጮኸው ለዚህ ነው። ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት። ብትዘገይ ልትሞት ትችላለች።»

ባለ ወፍጮው ሰው እየገፋ ወደ ፊት መጣ። «እኔ ባሏ ነኝ። አልፈቅድም። ልጅ የለም የሚሉት ሊያስወርዱብኝ ነው።»

ሐኪሙ ልጅቷን አየ፤ ከዚያ ሰውየውን አየ። «ባሏ?» አለ። «ስንት ዓመቷ ነው?» መልስ ሳይጠብቅ «ፈቃዱን የምትሰጠኝ እናቷ ናት» ብሎ ወደ እህቴ ተመለሰ።

ሁሉም እህቴን አዩ። ሰብሳቢዋ «ወንድማችንን አክብሪ እንጂ» አለቻት። አንደኛው ሽማግሌ «ነገ ማን ይወስድልሻል?» አላት። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። እኔ ለአንድ ሳምንት ያላናገርኳት ሴት፣ ምን ልትል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ከአልጋው ላይ «እማዬ» አለች፣ በዚያ በማይሰማው ድምጿ። እህቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ክፈታት» አለች። «ልጄን አድንልኝ። ባል የላትም።»

ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ግማሹ ምዕመን መጥቷል። ይጸልያሉ። ከሁሉም ድምፁ የሚጎላው የባለ ወፍጮው ነበር፤ ተንበርክኮ «የልጄን ነፍስ፣ የልጄን ነፍስ» ይላል። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። እህቴ ጉልበቴ ላይ ጭንቅላቷን ጣል አደረገች፤ እኔም አልገፋኋትም።

ሆዱ ተከፍቶ አንድ ነገር ከወጣ ለቤተሰብ ማሳየት የሐኪሞቹ ልማድ ነው። ነርሷ ከበሩ ብቅ ብላ «የልጅቷ ቤተሰብ» ስትል እኔ ገባሁ። ሐኪሙ ሳፋ ይዞ ቆሟል። «ደህና ናት፤ አንጀቷ አልተጎዳም፤ ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተነዋል» አለኝ። ሳፋው ውስጥ አየሁ። ስስ፣ ነጣ ያለ፣ ቀጫጭን ደም ሥር የተጋደመበት ከረጢት ነው፤ የተጠማዘዘበት በኩል ጠቁሯል። አንድ ቦታ ቀዶት ስለነበር ወተት የመሰለ ውሃ ያዣል። እኔ መግል ማየት የማልችል ሴት፣ ሊያቅለሸልሸኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ምንም አላለኝም። ሽታ እንኳ የለውም። በእነዚያ ወራት ልጅቷን ከነኳት ነገሮች ሁሉ ያላስጠላኝ እሱ ብቻ ነበር።

«በሩ ድረስ ልውሰደው?» አልኩት።

«ለምን?»

«አባቱ ውጭ እየጠበቀ ነው።»

ሐኪሙም «ከበሩ እንዳታልፊ፤ ለምርመራ የሚላክ ነው» ብሎ ሳፋውን ሰጠኝ። በሩን በክርኔ ከፈትኩት። ጸሎቱ ቆመ። «ና!» አልኩት ባለ ወፍጮውን። «ና፣ ልጅህን ተቀበል። ስም አውጣለት።»

መጣ። ሰብሳቢዋም አብራው መጣች። ሳፋውን ስታይ ያንን እጇን አፏ ላይ ከደነች። ባለ ወፍጮው ጎንበስ ብሎ ሳፋው ውስጥ አየ። እኔ እንግዲህ መሬት ተከፍታ ትውጠዋለች ብዬ እጠብቃለሁ። ሞኝ! እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋና «ጌታ ይመስገን!» አለ። «ኃጢአቴን ይቅር ብሎ ፅንሱን ወደ ውሃ ለወጠው! ተአምር ነው!»

ከኋላ አንዱ «አሜን» አለ።

ሌላውም ተከተለው። ሳፋውን ጭንቅላቱ ላይ ልደፋበት ነበር፤ ያተረፈው ለምርመራ ይላካል መባሉ ነው። ተመልሼ ለነርሷ ሰጠኋትና ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ብሽቀት ነበር የሚያስለቅሰኝ።

ልጅቷ ማደንዘዣው ሲለቃት መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ ነው። ቀጥሎ «ሰማያዊ ቀሚሴን ይመልሱልኛል?» አለች። «የነሱን ይዘው ይቅበሩት፤ እኔ እሰፋልሻለሁ» አልኳት። እንዳልኩትም ያንን ነጭ ጨርቅ አውጥቼ በትክክለኛ ወገቧ ልክ ሰፋሁላት። እህቴ ክሩን በመርፌ እያስገባች ትሰጠኝ ነበር። የምርመራው ውጤትም ዘግይቶ መጣ፤ ክፉ ነገር የለበትም፣ አይመለስም አሉን። አልተመለሰም። ልጅቷ ዛሬ ካንጋተን ከተማ ውስጥ መምህርት ናት። ሁለት ወልዳለች፤ እውነተኛ ልጆች፣ የሚያለቅሱና የሚያበሳጩ።

ቁስሏ ሲድን ቤተ ክርስቲያን ለምስጋና ጠራን። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ጨርሰውት ኖሯል፤ ልጅቷ ተነስታ ስለ ተአምሩ ትመሰክራለች፣ ከወንድማችን ጋር ይቅር ለእግዚአብሔር ትባባላለች፣ ከዚያ ወደ መዘምራን ትመለሳለች። «እግርሽን እንዳታነሺ!» አልኳት። «እሄዳለሁ እቴቴ» አለችኝ። ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ በእናቷና በኔ መሃል ተቀመጠች።

ሰብሳቢዋ በዚያ እጇ ማይኩን ሰጠቻት። ባለ ወፍጮው ገና ከአሁኑ ተነስቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ሊያቅፋት እጆቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። አዳራሹ ለእልልታ አፉን አሟሽቷል። ልጅቷ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋችው። ያ የማይሰማ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ተሰማ።

«በልጉን በሙሉ ወፍጮው ተሰብሮ ነበር» አለች። «ሁላችሁም ነሪን ተሻግራችሁ ነው ያስፈጫችሁት።»

ከዚያ ማይኩን በተዘረጋው የባለ ወፍጮው እጅ ላይ አስቀመጠችና መጥታ አጠገባችን ቁጭ አለች። ሰውየው ማይኩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል በዚያ ቀን አሜን የሚልለት ጠፋ።